ትንፋሽና ይሉኝታ

እኛ የታመመ ሰው መጠየቅ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ይህን ማንም አይክደንም። እገሌ ሆስፒታል ገባ ሲባል ብርቱካኑ በፌስታል፣ አጥሚቱ በፔርሙዝ፣ ሾርባው በምሳ ዕቃ ይጎርፋል። "የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል" ከሚለው ዘበኛ ጋር ተሟግተን፣ ካልሆነም ተለማምጠን እንገባለን። ከዚያ አልጋውን ከብበን እንቆምና ለበሽተኛው የሚተነፍሰው አየር እንኳ ሳናስተርፍለት "አይዞህ፣ እግዜር ይማርህ" እንለዋለን። የተኛ በሽተኛ እናውቅበታለን።

የማናውቅበት ቆሞ የሚሄደውን ነው። ሥራ የሚገባ፣ የሚበላ፣ የሚቀልድ፣ ነገር ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ ነገር ካልተጠነቀቅንለት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ሊያድር የሚችል ሰው በእኛ መዝገብ ጤነኛ ነው። "ምን ሆንክ ደግሞ? ደህና ነህ እኮ!" ይባላል። ሲወድቅ ያው ብርቱካኑ ይመጣል።

አስም ያለበት ሰው ኑሮ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ስላደገ፣ ስለሌላው ደዌ ዝም ብል ስለዚህኛው ጥቂት የመናገር መብት ያለኝ ይመስለኛል። ዛሬ የምተቸው መንግሥትን አይደለም። ሐኪሞችንም፣ የመድኃኒት ዋጋንም ለሌላ ሳምንት አቆያለሁ። የዛሬዎቹ ተከሳሾቼ የሚወዱን ሰዎች ናቸው፤ እናቶች፣ አክስቶች፣ ባልንጀሮች፣ የቢሮ ጓደኞች። የሚጠላኝ ሰው ዕጣን አጭሶብኝ አያውቅማ!

በመጀመሪያ ስለ በሽታው እንግባባ። እኛ አገር ከሞላ ጎደል በሽታ ሁሉ ሁለት ወላጆች አሉት፤ አባቱ ብርድ፣ እናቱ ምች። አስምንም ለእነዚሁ ሰጥተነዋል። "ብርድ ነው፤ ወፈር ያለ ልበስ፣ መስኮቱን ዝጋ፣ ትኩስ ነገር ጠጣበት።" ቀዝቃዛ አየር አስም መቀስቀሱ እውነት ነው። ግን አስም ብርድ አይደለም። አስም ያለበት ሰው የአየር ቧንቧ ቁጡ ነው። ሌላው አንዴ ስሎ ወይም አስነጥሶ የሚያልፈውን ነገር፣ ጢሱን፣ አቧራውን፣ የአበባውን ብናኝ፣ የድመቷን ፀጉር፣ ሽቶውን፣ ጉንፋኑን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ሲቆጣ የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ያብጣል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ወፍራም አክታ ደግሞ የቀረችውን ቀዳዳ ይሞላታል። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ በዚያች በጠበበች ቀዳዳ የሚያልፈው አየር ነው። ቁጣው ሲርሲርታው ሲጠፋም ጨርሶ አይበርድም፤ አመድ የለበሰ ፍም በሉት። ሰዎች "ዳንክ አይደል?" የሚሉን አመዱን አይተው ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላም ነገር አለ። አየር ማስገባት ያቃተን ይመስላችኋል። የባሰው ጣጣ ግን ማስወጣቱ ላይ ነው። የገባው አየር ሳይወጣ ሌላው ይደረብበታል፤ ደረት እንደ ኳስ ይነፋል። ጤነኛ የሆናችሁ እስቲ አሁኑኑ ሞክሩት። ደረታችሁ እስኪሞላ አየር ሳቡ። ጥቂቷን ብቻ አስወጡ። በዚያው ላይ እንደገና ሳቡ። አሁንም ጥቂቷን ብቻ አስወጡ። አራት አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ከዚያ በዚያው ሁኔታ ላይ ሆናችሁ "ደህና ነኝ፣ አታስቡ" ለማለት ሞክሩ። ይኼንን ለወዳጆቼ አሠርቻቸው አውቃለሁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ከማስረዳት ይበልጣል።

አሁን ወደ ቡናው እንሂድ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የጓደኛችሁ ቤት ተጠርታችኋል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ከሰሉ ገና በደንብ ስላልተያያዘ እየጨሰ ነው። በሩ "ነፋስ እንዳይገባ" ተዘግቷል፤ መስኮቱማ ከባለፈው ፋሲካ ወዲህ የተከፈተም አይመስልም። ቡናው ይቆላል። ጢሱ ቤቱን ሲሞላው ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፣ ደስ የሚል ነገር ነውና! ከዚያ የቤቱ ልጅ ምጣዱን እንደያዘች ትዞራለች። እያንዳንዱ እንግዳ ጢሱን በእጁ ወደ ፊቱ እየሳበ "እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ ቡና!" ይላል። ተራው እናንተ ጋ ደረሰ። ምጣዱ አፍንጫችሁ ሥር ነው። እናቲቱ ፊት ፊታችሁን እያዩ የምትሉትን ይጠብቃሉ። ይኼ ሳያንስ ዕጣኑ ፍሙ ላይ ጠብ ይላል።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

ምን ታደርጋላችሁ? "ዕጣኑን ብታነሱልኝ" ማለት ይቻላል፤ በአፍ ቀላል ነው። ዕጣን ግን በእኛ ቤት ሽታ ብቻ አይደለም። ክብር ነው፣ ጸሎት ነው፣ እንግዳን "እንኳን ደህና መጣህ" ማለት ነው። ዕጣን የሚሸሸው ማን እንደሆነም ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ራሴ "ምነው፣ ያንተ ነገር ያጠራጥራል፣ ጠበል እንውሰድህ እንዴ?" ተብዬ ቤት ሙሉ ሰው ስቆብኛል። በእውነት ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ለመሳቅ የሚሆን ትንፋሽ ላለው ሰው። ሁለተኛው መንገድ ስልክ የተደወለ መስሎ ወደ ደጅ መውጣት ነው። በአንድ ቡና ላይ ሦስት ጊዜ ስልክ የሚደወልለት ሰው ግን ወይ ደላላ ነው ወይ ውሽማ አለው። ሦስተኛው ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። አብዛኛው አስመኛ የሚመርጠው ይኼንኑ ነው። አቦል አለፈ፣ ቶና አለፈ፣ በረካ ሳይጠጡ መነሳት ነውር ነው። ምስጋናው ተደርጎ፣ ምርቃቱ ተቀብሎ ይወጣል። ሂሳቡ የሚመጣው ሌሊት በዘጠኝና በአሥር ሰዓት መካከል ነው፤ የአስም ክፉ ሰዓት እሷ ናት። ያን ጊዜ ጋባዦቹ እንቅልፍ ላይ ናቸው። በማግስቱም "ትናንት እንዴት ደስ የሚል ቀን ነበር!" ብለው ይደውላሉ።

እዚህ ላይ እናቲቱን ክፉ አደረጋቸው እንዳትሉኝ። ያላቸውን ሁሉ አቅርበዋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። እኛ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚበላ እንጠይቃለን። "ይጾማሉ ወይስ ይፈስካሉ?" ሳይባል ሳህን የሚቀርብበት ቤት የለም። የሚጾም ሰው "ጦመኛ ነኝ" ሲል ማንም አይቀየመውም፤ እንዲያውም ሽሮው ተሎ ተሎ ይሠራለታል። የስኳር ሕመም እየተለመደ ሲመጣ ደግሞ "ስኳር ይጠቀማሉ?" ማለትን ተምረናል። ስለዚህ ብልሃቱ አለን። ሥርዓቱ ለአፍና ለሆድ ተሠርቶ ለአፍንጫ ሳይደርስ ቀረ እንጂ። "ጢስ ይስማማዎታል?" የሚል ጥያቄ ከቡናው በፊት ቢጨመር ቡናው አይቀዘቅዝም። ጥያቄውም ከባለቤቱ በኩል መምጣት አለበት። እንግዳው ይጠይቅ ካልን ይሉኝታውን ረስተናል፤ እንግዳ ደግሞ ያለ ይሉኝታ እኛ አገር አልተፈጠረም።

ይሉኝታ ክፉ ነው የሚሉ ብዙ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ ከእነሱ አይደለሁም። ይሉኝታ ባይኖር ኖሮ በአንድ ግቢ አሥር አባወራ ሆነን በሰላም መኖራችን ያጠራጥረኛል። ነገር ግን ይሉኝታ የሚሠራው ሁለቱም ወገን ሲይዘው ነው። እንግዳው "ምን ይሉኛል" ብሎ ዝም ሲል፣ ባለቤቱም "ምን ሆኖብኝ ይሆን" ብሎ ፊቱን ማየት ነበረበት። አንዱ ብቻ የያዘው ይሉኝታ የአንድ ወገን ግብር ነው፤ አስመኛው ደግሞ ግብሩን የሚከፍለው በትንፋሽ ነው።

የታክሲው መስኮት ነገር ረጅም አያናግረኝም። ተጽፎበት ተጽፎበት ያለቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ መስኮት ክፈቱ ተባለና ተከፈተ። ስንት ዘመን የተፈራው ምችም አልፈጀንም። ወረርሽኙ ጋብ ሲል መስኮቱም ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ ጊዜ ለእኛ የተረፈልን በታክሲ ውስጥ አንዴ ስንስል የሚዞርብን ዓይን ነው። ዱሮ "የሳንባ በሽታ አለበት መሰለኝ" ይሉን ነበር፣ አሁን ዝርዝሩ ረዘመ። አስም ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በብርጭቆ አይተላለፍም፣ በትንፋሽ አይተላለፍም፣ አጠገብ በመቀመጥ አይተላለፍም።

ከጢስ ሳንወጣ ግን አንድ ቀን አለችኝ። ኅዳር 12። የታሪኩን መነሻ ታውቁታላችሁ። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነው የተረፉት። ቆሻሻን ሰብስቦ ማቃጠሉ አየሩን ያነጻል ተብሎ ታመነ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን ኖረ። የሰፈር ጽዳት መልካም ነው፣ ያባቶችን መከራ ማሰብም መልካም ነው። ግን በዚያን ዘመን የሚቃጠለው ገለባና ቅጠል ነበር። ዛሬ ላስቲክ፣ የጫማ ሶል፣ የጀሪካን ስባሪ ነው። የመተንፈሻ በሽታን ለማባረር የተጀመረ ጢስ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ መተንፈስ የማይችለውን ሰው ከሰፈሩ የሚያባርር ሆነ። በዚያን ዕለት ማለዳ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ጢስ ወደሌለበት ዘመድ ቤት የምትሮጥ እናት አውቃለሁ። ጎረቤቶቿ "አቤት ስታካብድ!" ይሏታል። ማታ ልጁ ቢታመም ደግሞ ለመጠየቅ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው።

ስለ ሲጋራውማ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሰው በሚሰበሰብበት ዝግ ቦታ ማጨስን ከልክሏል። ሕጉን ጠቅሶ ባልንጀራን "አጥፋው" ማለት ግን እስካሁን ከክስ ይቆጠራል።

ወደ ፓፉ ልለፍ፣ ምክንያቱም ከጢሱ ይልቅ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቤተሰብ ሸንጎ ላይ በፓፍ ላይ የተፈረደበትን ፍርድ ሁላችሁም ሰምታችኋል። "ሱስ ያስይዛል።" "ልብ ያደክማል።" "እሱን ከጀመርክ አለቀልህ፣ አትተወውም።" "የመጨረሻ መድኃኒት ነው።" ይህን የሚሉት ሰዎች ክኒኑን በእፍኝ ቢውጡ፣ መርፌውን በየሳምንቱ ቢወጉ ግድ የላቸውም። በአፍ የሚነፋ ነገር ግን ከሲጋራ ጋር ይመሳሰልባቸዋል መሰለኝ። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ክኒን በሆድ አልፎ፣ በደም ዞሮ፣ መላ አካልን ጎብኝቶ ነው ሳንባ የሚደርሰው። ፓፍ በጣም በጥቂት መጠን በቀጥታ የታመመው ቦታ ይገባል። ሱስም አያስይዝም። መነጽር የሚያደርግ ሰው የመነጽር ሱሰኛ ነው የሚል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ፓፉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ይኼንን ነው። አንዱ በተለምዶ ሰማያዊው ሳልቡታሞል ነው፤ የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል። እሳት አጥፊ ነው። ሌላው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ነው፤ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ያበጠውን ግድግዳ ቀስ በቀስ ያበርዳል፣ ሲወስዱት ግን ወዲያው የሚሰማ ነገር የለውም። የሰው ልጅ ደግሞ ወዲያው የሚሰማውን ይወዳል። እናም ሰማያዊው ኪስ ውስጥ ይከርማል፣ ሌላው መሳቢያ ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የአስም ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው "ጂና" የተባለው አካል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለአዋቂዎችና ለአፍላ ወጣቶች ሳልቡታሞልን ብቻውን መያዝ በቂ ሕክምና አይደለም፣ የሚያበርደው መድኃኒት አብሮት ሊኖር ይገባል ይላል። እንግዲህ ቤተሰብ የሚያደርገውን ተመልከቱ። ልጁ ቁጣውን የሚያበርደውን መድኃኒት ሲወስድ "ደህና ሆነህ ሳለ ምን ያደርግልሃል?" ይሉታል። ሲያቆም "ተመስገን፣ መድኃኒቱን ተወ!" ብለው ይደሰታሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰማያዊውን ደጋግሞ ሲነፋ ሲያዩት "አላልንም? ፓፍ እኮ ሱስ ነው!" ይላሉ። እስኪበላሽ ድረስ ገፍተው ሲበላሽ ምስክር ይቆጥራሉ።

በመካከሉም የሰፈሩ መድኃኒት ሁሉ ይቀርባል። ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ምስር አትብላ፣ ወተት ተው። ማር ማንም አይጠላም፤ ይብላ። አደጋው ማሩ መድኃኒቱን ተክቶ ሲገባ ነው። የጠበሉም ነገር እንዲሁ ነው፤ በእምነት ላይ መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም። ግን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን መናገራቸውን አስታውሳለሁ። ለዚያኛው ከተፈቀደ ለዚህች ኪስ ለምትገባ ፓፍ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ጠበል ሲወርዱ "ፓፍህን ቤት ትተህ ና፣ እምነትህ ይጎድላል" የሚል ዘመድ፣ ለዚያ ልጅ የሚተነፍስለት እሱ እንደማይሆን ቢያስብ ምን ነበረበት?

ደግሞ ደብቁት ይባላል። ትልቋ ልጅ ልታገባ ነው፤ "ለነሱ እንዳትነግሪ፣ አስም አለባት ብለው እንዳይተዉሽ።" ወንዱም ሥራ ሊቀጠር ነው፤ "ፓፍህን ሰው ፊት አታውጣ።" ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቶ የሚነፋ፣ ከባሏ ተደብቃ ትራስ ሥር የምታስቀምጥ ሰው ይፈጠራል። ያው ቤተሰብ ነገ ተነስቶ "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላል። መሸሸጊያውን ቆፍሮ የሰጠው ማን ሆነና!

"በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም" የሚሉ አያቶችን ግን አልስቅባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1997 "ላንሴት" በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣና ጅማ ከተማን ከገጠሩ ጋር ያነጻጸረ ጥናት ነበር። አስም በከተማው ከገጠሩ በልጦ ተገኝቷል። ከጥቂት ዓመት በኋላም በዚያው በጅማ የተደረገ ጥናት ቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ ማንደድ ከአለርጂ ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ አሳየ። አያቶች ያዩትን ነው የሚናገሩት። ነገር ግን "ድሮ አልነበረም" ማለት "ዛሬም የለም" ማለት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ሰዎች ከአስም ጋር ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ያህሉ ሞተውበታል፤ ከሟቾቹ የሚበዙት እንደ እኛ ባሉ ድኃ አገሮች ነው። ሰው በአስም አይሞትም የምትሉ ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ።

"ኃይሌስ?" ትሉኝ ይሆናል። እኔንማ ብለውኛል። "ኃይሌ ገብረሥላሴ አስም አለበት ይባል የለ? እሱ ዓለምን ሲዞር አንተ አንድ ፎቅ ደረጃ አቃተህ?" እንግዲያውስ የኃይሌን ታሪክ እስከ መጨረሻው እናንብበው። በ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሲቃረብ ኃይሌ የከተማዋ አየር ለአስሙ እንደማይመቸው በይፋ ተናግሮ ከማራቶኑ ራሱን አገለለ። በትራኩ 10 ሺህ ሜትር ሮጦ ስድስተኛ ወጣ። መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። እኛ ከዚህ ውስጥ በርሊንን ብቻ ቆርጠን ይዘን በየቤቱ ላለ አስመኛ መገረፊያ አደረግነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ቤጂንግ ነው። በዓለም የታወቀ ሯጭ፣ ያውም ኦሊምፒክ ላይ፣ "ይኼ አየር ይጎዳኛል፣ አልሮጥም" አለ። ይሉኝታ የሚባል ነገር ቢይዘው ኖሮ ከሁላችንም በላይ የሚይዘው እሱን ነበር፤ ከኋላው ሕዝብ ሙሉ እየጠበቀው። እሱ ለኦሊምፒክ እንዲህ ካለ፣ የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ቀለም በተቀባ ማግስት አዲሱ ቢሮ ውስጥ አልቀመጥም ያለችውን ልጅ "ቅንጡ" ባይሏት ምናለ?

አሁን ወደዚያች ክፉ ሌሊት። አስሙ ተነሳ እንበል። ቤተሰብ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ይጮሃል። ከዚያ ይሰበሰባል። አንዱ ያስተኛዋል፣ ሌላው ውኃ ፊቱ ላይ ይረጫል፣ አንዷ በነጠላዋ ታራግባለች፣ አባት "ምን በላህ? የት ዋልክ? ንገረኝ እንጂ!" እያሉ ይቆጣሉ። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው። ግን ፍቅሩን ትንሽ መልክ እናስይዘው። አታስተኙት፤ ቀና ብሎ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይቀመጥ። የአንገቱን ቁልፍ አላሉለት። መስኮት ክፈቱ፣ ሰው ቀንሱ። አታናግሩት፤ መጠየቅ ያለባችሁን በራስ ንቅናቄ የሚመለስ አድርጋችሁ ጠይቁት። "ፓፍህ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው?" ይበቃል። ሰማያዊውን አንድ ጊዜ ነፍቶ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ቆይቶ እንደገና፤ እስከ አሥር ጊዜ ሊደገም ይችላል። ካልተሻለው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከዳመነ፣ አሥሩንም ሳትጠብቁ ተነሡና ሆስፒታል፤ መንገድ ላይም ፓፉ አይቁም። ከሁሉ በላይ ይህቺን ልብ በሉ፦ እየተጨነቀ ሳለ ሲርሲርታው ድንገት ከጠፋ "ተመስገን፣ ለቀቀው" ብላችሁ አትቀመጡ። ድምፁ የጠፋው የሚያልፍ አየር ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ፓፉን በቀጥታ መሳብ የሚያቅታቸው ልጆች አሉ። መድኃኒቱ ጉሮሯቸው ላይ ይቀራል። በመካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ሐኪሞች "ስፔሰር" ይሉታል። ካልተገኘ ወይም ከተወደደ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የኬፕ ታውን ጥናት ግማሽ ሊትር የሚይዝ የላስቲክ ጠርሙስ ታችኛው በኩል ለፓፉ ልክ ተበስቶ ለልጆች እንደ ፋብሪካው እንደሚሠራ አሳይቷል። የውኃ ጠርሙስ ማለት ነው፤ ያቺው ኅዳር 12 የምናቃጥላት።

ከእኛም ወገን የሚወቀስ አይጠፋም። አስሙን ለሥራ መቅሪያ የሚያደርግ አለ፤ እቃ ሲታጠብ ብቻ የሚያፍነው ባል አለ፤ አውቀዋለሁ። ለሱ ስል አልሟገትም። ግን በአንድ አስመሳይ ምክንያት ዘጠኙ እውነተኛ ሲስል "እያስመሰለ ነው" መባል የለበትም።

አንድ አክስት አለችኝ፤ እቴቴ ነው የምንላት። ማንም አላስተማራትም፣ መጽሔት አታነብም። እኔ ልመጣ መሆኔን ስትሰማ ቡናውን ቀድማ በረንዳ ላይ ትቆላዋለች። ስገባ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ቤቱ ታጥኖ ከሆነም ጠዋት ነው፣ ቄጠማው በር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔም አላነሳሁባትም። ሌላው እንግዳ "ምነው እቴቴ፣ ዛሬ ቡናው አይሸተንም እንዴ?" ሲላት "ዓይኔን ይለበልበኛል፣ አርጅቻለሁ" ትለዋለች። ዓይኗ ደህና ነው። ስኒውን ስታቀብለኝ ግን ሁልጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳታሰልስ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀኛለች፦

"አሁንስ ለቀቀህ፣ ልጄ?"

"ኧረ አለ፣ እቴቴ።"

"ይሁን፤ በል ሁለተኛውን እንዳትተው።"